አምስተኛዋ ወለል

ሥራዬ ግመል ማክሳት ነበር። ይህን ስናገር የአገሬ ሰው ይስቃል። ሰው ሁሉ ከብቱን ለማወፈር ሲለፋ አንተ ምን ነካህና ታከሳለህ ይለኛል። የሩጫ ግመል ከወፈረ አይሮጥም፤ ከልክ በላይ ከከሳም አይሮጥም። በሁለቱ መካከል ጠባብ መንገድ አለች፤ እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በዚያች መንገድ ላይ ነው። አረቦቹ ይህን ለሚሠራ ሰው ስም አላቸው፣ ሙደሚር ይሉታል። እኛ ቃል የለንም። እኔ አክሺ እለዋለሁ።

አሁን ተውኩት። ጉልበቴ እምቢ አለ። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ግመል ገዢዎችም ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ዝር አላሉም። የቀሩትን ጥቂት ግመሎች ሐጎስ ለሚባል ሰው አስረከብኩ። ሐጎስ ከስደተኞች ካምፕ የመጣ የትግራይ ሰው ነው፤ ሁመራ ላይ የራሱ በሬና የራሱ ሰሊጥ ነበረው። ዕቃውን እየቆጠርኩ ሳስረክበው ስለ አንዲት ነገር ጠየቀኝ። መልሴን ሲሰማ "አቦይ አበጀ፣ ይህንማ ይጻፉት" አለኝ። እኔ ቄስ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩት አንድ በጋ ነው፤ ዳዊት አልደረስኩም። ማሳመር አልችልም። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ሱዳን የገባሁት በመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጡ ሲያልቅ ጓደኞቼ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ዛሬም አላውቀውም። ሰው "ና እንሂድ" ሲለኝ መቀመጥ ይቀናኛል፤ እናቴ በዚህ ጠባዬ ብዙ ተቸግራለች።

የመጀመሪያ ሥራዬ ወድ ኤል ሒለው በምትባል ቦታ፣ ወንዝ ዳር፣ ለአንድ የእህል ነጋዴ ማሽላ በግመል ማመላለስ ነበር። ማሽላን እዚህ ዱራ ይሉታል። ነጋዴው ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። አንድ ቀን ጭነት በዝቶባት አንዲት ግመል አልነሣም አለች። እሱ "በላት፣ በላት" እያለ እንድመታት ያዘኛል። እኔ አንዱን ከረጢት ፈትቼ አወረድኩት። ተነሣች።

"ማን አውርድ አለህ?" አለኝ።

"እሷ" አልኩት።

የዚያኑ ዕለት አባረረኝ።

ለካ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከግራር ሥር ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዩ ኖረዋል። ጨርቄን ጠቅልዬ ሳልፍ ጠሩኝ።

"አንተ ሐበሺ፣ ለምን አልመታሃትም?"

"ብመታት ከረጢቱ አይቀል።"

"ሌላው ይመታል እኮ።"

"ሌላው ይምታ።"

ሳቁ። የቀራቸው ጥርስ ሁለት ነው። "ደረቅ ነህ። ደረቅ ሰው ይጠቅመኛል። ግመል የለመነውን ሁሉ የሚሰጥ ሰው እኔ ዘንድ አይቆይም" አሉኝ። ተከትያቸው ሾዋክ ገባሁ።

ኢድሪስ ይባላሉ። ዓም ኢድሪስ እላቸው ነበር፤ ዓም ማለት አጎት ነው። ሐጅ ባቢከር የሚባል ባለ ግመል አትባራ ወንዝ ዳር ሰፊ በረት ነበረው፤ እሳቸው እዚያ አክሺ ነበሩ። ሐጅ ባቢከርን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ ዕድሜያችን እኩል ነው። ደመወዜን በጊዜው ይሰጠኝ ነበር። መታወቂያዬንም ሾዋክ ያለው ቢሮ ያድስልኝ ነበር። ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ከዓም ኢድሪስ የተማርኩትን ልጻፍ።

ክረምት አልፎ ግመሎቹ ከሣር ሲመለሱ ሻኛቸው እንደ ድንጋይ ክምር ሆኖ ነው የሚመጡት። ውድድሩ በበጋ ከሰላ ከተማ ነው። ስለዚህ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። እንዳገኙ እንዳይለቅሙ አፋቸው ላይ መረብ ይታሰራል፤ ጠዋትና ማታ በወንዙ ዳር ይሄዳሉ፤ ዱራው በልክ ይሰጣል። የዱራው መለኪያ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፤ አንድ ጣሳ ጠዋት፣ አንድ ጣሳ ማታ። ጣሳውን ከዓም ኢድሪስ በቀር የሚነካው አልነበረም። ይሞሉታል፣ በአንዲት ቀጭን ዘንግ አፉን ልገው ያስተካክሉታል፣ ዘንጓን ጆሯቸው ላይ ይሰኳታል።

ዱራ መቀነስ ሲኖርባቸው ጣሳውን አያጎድሉም ነበር። በጣሳው ልክ የተቆረጡ፣ አንድ አንድ ጣት የሚወፍሩ አምስት ክብ እንጨቶች ነበሯቸው። አንዷን ከጣሳው ሥር ያነጥፏትና ዱራውን እስከ አፉ ይሞሉታል። እኔ እንጨቶቹን ወለል አልኳቸው። ከሥር የገባችው ወለል የአንድ እፍኝ ዱራ ቦታ ትወስዳለች። በጣሳው ውስጥ ለየወለሉ ምልክት ተጭሯል፤ ከታች ወደ ላይ አምስት ጭረት።

"እንዲህ ከሚደክሙ ለምን አጉድለው አይሰጡም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የጎደለ ጣሳ ዛሬ በዚህ ልክ፣ ነገ በዚያ ልክ ይጎድላል። እጅ ውሸታም ነው። ሲያዝን ያበዛል፣ ሲናደድ ያሳንሳል። ሙሉ ጣሳ አይዋሽም። ግመሏም ሙሉ ስታይ ልቧ ይረጋል።"

በየዓርቡ ጠዋት፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ደረታቸውን በገመድ እንለካለን። ገመዱ ላይ ያለፈውን ልክ የሚያሳይ ቋጠሮ አለ። መጀመሪያ ላይ ገመዱ በየሳምንቱ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ይገባል፤ ግመሏ በዚያው ልክ ከሳች ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጣት። ከዚያ ይቆማል። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግመሏ ያው፣ ጣሳው ያው፣ መንገዱ ያው፤ ማነሱ ግን ቆመ። አንድ ሰው ተደብቆ የሚያበላት ይመስልሃል።

ዓም ኢድሪስ ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፤ "ግመል መጀመሪያ የምትሸከመው ራሷን ነው። ስትከሳ ሸክሟ ቀለለ። ትናንት ያከሳት ጣሳ ዛሬ ልኳ ሆነ። ስለዚህ ገመዱ ሲቆም አንተም ቁም። አንድ ዓርብ ዝም በል። ውኃ ጠጥታ እንደሆነ፣ መረቡ ተቀዶ እንደሆነ፣ ያንተ እጅ እንደሆነ እይ። ሁለተኛው ዓርብም ከቆመ አንድ ወለል ጨምር፤ ወይም መንገዷን አርዝም። ወይ ከአፍ ወይ ከእግር ነው፤ ከሁለቱም አይወሰድም።"

ይህን ሲናገሩም እጃቸው ግመሏ ላይ ነው። ገመዱን ለእኔ ትተው እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ታፋዋን ይዳስሳሉ፣ ጎኗን ይዳስሳሉ፣ ፋንድያዋን ሰብረው ያሸታሉ። አንድ ነገር ካልገባቸው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው እስክታመነዥክ ይጠብቃሉ። ሻይ የሚጠጡት የመጨረሻዋ ግመል ከበላች በኋላ ነው፤ ቆመው ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ዘርቃ ልምጣ። የሐጎስ ጥያቄ የሚመለሰው በእሷ ነው።

ዘርቃ አመድማ ግመል ነበረች፤ እግረ ረጅም፣ ሰው የማትወድ። የእኔን ጫማ ግን ማኘክ ትወድ ነበር። ሐጅ ባቢከር በረቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለከሰላ ያሰባት እሷን ነው። ዓም ኢድሪስ ግን ዓይናቸው ተጋርዶ ነበርና ሊታከሙ ራሳቸው ወደ ከሰላ ሄዱ። ጣሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሰጡኝ።

"ዘርቃ ሦስተኛ ወለል ላይ ናት" አሉኝ። "ገመዱ ሁለት ዓርብ ከቆመ አራተኛዋን አስገባ። አምስተኛዋን እኔ ሳልመጣ አትንካ።"

አራተኛዋን አስገባሁ። ገመዱ አንድ ጣት ገባና ቆመ። ሐጅ ባቢከር ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሻኛዋን ያያል። ገዢዎቹ ሊደርሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያሾፍበት ሰው አያጣም።

"አበጀ፣ ሁዳዴያችሁ ደርሷል ይባላል" አለኝ። "ያንተ ግመል ግን ፋሲካ ላይ ናት።"

በረት ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያን ዕለት አምስተኛዋን ወለል አስገባሁ። መንገዷንም አረዘምኩ። ከአፍም ከእግርም ወሰድኩ ማለት ነው። ዓርብ ሲደርስ ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። እኔ ጾም የምገድፍ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ ቄሱ የነነዌ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ሦስት ቀን ጾሙ፣ እህልም ውኃም አልቀመሱም፣ ከተማይቱም ዳነች ብለው አስተምረውናል። ይህ ትዝ አለኝ። ከብት ከጾመ ግመል ምን ልዩ ያደርጋታል አልኩ። እኔ ደካማው ሰው እየጾምኩ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እቆማለሁ፤ እሷ ጉልበታም ናት። ውኃውን ፈቀድኩላት፤ በዚህ ከነነዌ ንጉሥ ይልቅ ሩኅሩኅ የሆንኩ መሰለኝ። ዱራውን ሦስት ቀን ከለከልኳት። ጣሳውን ደፍቼ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ማኘክ ተወች። እኔ ጾሙን ተግታ ነው አልኩ።

ዓርብ ገመዱ ሦስት ጣት ገባ። ሐጅ ባቢከርን ጠርቼ ቋጠሮውን አሳየሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ለሙከራ አሮጥናት። ግማሽ መንገድ ድረስ ቀደመቻቸው። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ተጠላለፉና ተቀመጠች። ግመል ሲደክማት አቀማመጧን ትመርጣለች፤ ይህ ግን ገመዱ እንደተበጠሰበት ድንኳን ነው። አጥንቷ አልተሰበረም። ግን ያን ቀን እስከ ማታ አልተነሣችም።

ዓም ኢድሪስ በሳምንቱ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ መጡ። ማንም ምንም አልነገራቸውም። እጃቸውን ዘርጉ፤ ወስጄ ዘርቃ ላይ አኖርኩላቸው። ሻኛዋን ዳሰሱ። ወደ ታፋዋ ወረዱ። እዚያ ብዙ ቆዩ።

"ሻኛው አለ" አሉ። "ታፋው የት ሄደ?"

ነገርኳቸው። ነነዌንም ነገርኳቸው።

"የነቢዩ ዩኑስን፣ የእናንተን ዮናስ፣ ነገር እኔም አውቃለሁ" አሉኝ። "የነነዌ ከብቶች በአራተኛው ቀን ሩጫ ነበረባቸው?"

"አልነበረባቸውም።"

"ታዲያ?"

እጃቸውን ከታፋዋ ሳያነሡ ቀጠሉ።

"ስብ የድግስ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚነሣ። በድንገት የተራበች ግመል መጀመሪያ የምትበላው ጉልበቷን ነው። ያንተ ሦስት ጣት ከሻኛዋ የመጣ አይደለም። አላከሳሃትም። ሰረቅሃት።"

ጣሳውን አምጣ አሉ። አምስተኛዋን ወለል በጣታቸው ፈልገው አወጧት። ድንጋዩ ላይ በመጥረቢያ ለአራት ሰነጠቋትና እሳት ውስጥ ጨመሯት። በላይዋ ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። ሻዩ ሲፈላ ቀዱልኝ፤ ለራሳቸው አልቀዱም።

"ጠጣ" አሉኝ።

ጠጣሁ።

"ከእንግዲህ እስከ አምስተኛዋ የሚወርድ ሰው አይኖርም" አሉና ተነሡ።

ሐጅ ባቢከር ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶት ነበር። ለሥጋ የሚነዱ ግመሎችን ወደ ሰሜን የሚወስድ የጭነት መኪና ሐሙስ ሾዋክ ይገባል፤ ዘርቃ ትጫናለች። የማትሮጥ የሩጫ ግመል መጨረሻዋ ይኸው ነው፤ ሐጂው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ዓም ኢድሪስ ግን በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉት።

"አርባ ቀን ስጠኝ።"

"ለምን?"

"ሐበሺው የወሰደውን ይመልስ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ከአምስት ግመል ጋር ትሩጥ። መጨረሻ ከወጣች ጫናት፣ እኔ ራሴ አሳፍራታለሁ።"

ሐጂው እኔንም ዘርቃንም አየን። ማናችን እንደምናሳዝን ለመለየት የቸገረው ይመስላል። "አርባ" አለ።

ጣሳውን ለዓም ኢድሪስ ላስረክብ ስል እጃቸውን ሰበሰቡ። "አንተ ነህ የወሰድክ፣ አንተው መልስ" አሉኝ።

ለአክሺ ማብላት ከባድ ነው። አራቱንም ወለል ባንዴ ማውጣት ፈለግሁ፤ ሆዷ እንዳይነፋ በየሁለት ቀኑ አንዳንዷን አወጣሁ። መንገዷን አሳጠርኩ። ጠዋት አሸዋ ላይ በዝግታ፣ ማታ ዕረፍት። ገመዱ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ያን ያህል ወር የታገልኩለት ቋጠሮ ዓይኔ እያየ ሄደ። ሐጅ ባቢከር "ለመኪናው ነው የምታወፍራት?" ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓርብ ዘርቃ የጫማዬን ማሰሪያ ቀማችኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ታፋዋ ሲጠነክር ወለሎቹን መመለስ ጀመርኩ። አንድ ወለል፤ ገመዱ አንድ ጣት ገባ። ሁለተኛ ወለል፤ ግማሽ ጣት። ከዚያ ቆመ። የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ሐጂው ዓርብ ጠዋት ልኬቱን ሊያይ መጥቶ ነበር።

"ቆመች" አለ። "አጉድልባት እንጂ።"

"አላጎድልም።"

"ግመሏ የማን ናት?"

"ያንተ ናት። ጣሳው ግን በእኔ እጅ ነው።"

ወደ ዓም ኢድሪስ ዞረ። እሳቸው በማያየው ዓይናቸው ወንዙን ይመለከታሉ፤ የሰሙም አይመስሉ። እኔ በልቤ አንድ ቃል ይናገሩልኝ ብዬ ነበር። ሐጂው ከሄደ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ጣሳውን ደፍቼ ወለሎቹን ቆጠርኩ፣ ሁለት ናቸው። መረቡን አየሁ፣ አልተቀደደም። ውኃ አልጠጣችም። ከዚያ ገመዱን መሬት ጣልኩና ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳሰስኳት። ከሻኛዋ ግርጌ ያለው ስብ ላልቷል። ታፋዋ ግን ከባለፈው ዓርብ ይልቅ ሞልቷል፤ ደረቷም ሰፍቷል። ያኔ ገባኝ። አንዱ እየወጣ ሌላው እየገባ ነው። ገመድ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ አይለይም፤ ድምሩን ብቻ ነው የሚናገር።

ቆምኩ። አንዲት ፍሬ ዱራ አልቀነስኩም፣ አንዲት እርምጃ አልጨመርኩም። ሰባት ቀን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ነው። በየጠዋቱ ጣሳውን እሞላለሁ፣ በዘንጓ እልጋለሁ፣ ዘንጓን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ገመዱ ግማሽ ጣት ገባ። ለዓም ኢድሪስ ነገርኳቸው። "እህ" አሉ። ሌላ ምስጋና አልጠበቅሁም።

በአርባኛው ቀን ስድስት ግመል ሮጠ። የጭነት መኪናው እዚያው መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ ቦኔቱ ላይ ወጥቶ ያያል። ዓም ኢድሪስ ማየት ስላልቻሉ እኔ እነግራቸዋለሁ።

"የት ናት?"

"አምስተኛ።"

"አሁንስ?"

"አምስተኛ።"

"እግሯን ንገረኝ፣ ቁጥሯን ተው።"

"የኋላዋ አልተጠላለፈም። ቀጥ ብላለች።"

"እንግዲያው ትገባለች" አሉ።

አራተኛ ገባች። ሐጅ ባቢከር ሄዶ አንገቷን ዳበሳት። ወደ ሾፌሩ እጁን አወዛወዘ፤ መኪናው ሌሎቹን ይዞ ሄደ። ወደ እኛ ሲመለስ ግን እንዲህ አለ፤ "መኪና ላይ አልጭናትም። ለውድድርም ከሰላ አትሄድም። ትውለድ።"

ትክክል ነበር። እኔም ስትሮጥ ካየኋት ጊዜ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ያ የመጀመሪያው ፍጥነቷ አልተመለሰም። ሦስት ወለደች፤ ሁለቱ ከሰላ ላይ ሮጠዋል፤ ሁለቱንም ያከሳኋቸው እኔ ነኝ። እሷ ግን አንድም ቀን አልተወዳደረችም። ሰዎች "አዳንካት እኮ" ይሉኛል። ያዳኗት ዓም ኢድሪስ ናቸው። እኔ ከወሰድኩት የመለስኩት የተወሰነውን ነው፤ ቀሪው እኔ ዘንድ አለ።

ዓም ኢድሪስ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። በመጨረሻ ምንም አያዩም ነበር፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም፤ ዱሮም ቢሆን ሲሠሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበርና። ጣሳውን ለእኔ ተዉልኝ።

ባለፈው ወር ለሐጎስ ሳስረክበው ዘንጓን ሰጠሁት፣ ገመዱን ሰጠሁት፣ ወለሎቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ደረደርኩለት። ሐጎስ ቸኩሎ የሚቀበል ሰው አይደለም። ጣሳውን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ውስጡን ተመለከተ፤ ጭረቶቹን በጥፍሩ ቆጠራቸው። እንደገና መዳፉን አየ።

"አቦይ አበጀ፣ ምልክቱ አምስት ነው። እንጨቱ አራት ነው። አንዷ የት ናት?"

"ጠጥቻታለሁ" አልኩት።